ከኮርኒሱ በላይ

ግንበኛው መሰላሉ ላይ እንደቆመ የሜትሩን ጫፍ ቁልቁል ይለቀዋል። መሐንዲሱ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ያነባል። ሁለት ሜትር ከስልሳ። ሦስተኛ ጊዜው ነው፤ ሜትር ይሉኝታ የለውም።

«አራተኛ ብንለካውም አያድግም፣ ኢንጂነር» ይላል ግንበኛው።

እዚህ ክፍል የሚተከለው የልብ ማከሚያ መሣሪያ በሽተኛውን የሚዞር ትልቅ ክንድ አለው፤ ክንዱ ሦስት ሜትር ከፍታ ይፈልጋል። በሆስፒታሉ አሮጌ ፕላን ላይ ሦስት ከሃያ ይላል። መሐንዲሱ ያንን አምኖ ክፍሉን ነደፈ። ኮርኒሱን ከፍቶ ማየት ነበረበት፤ ከጎን የተኙት በሽተኞች አቧራ እንዳይገባቸው ብሎ ተወው። ዛሬ ሲከፈት ከላይ የኮንክሪት ቢም ተጋድሞ ተገኘ፤ ፕላኑ ከተሳለ በኋላ ጣሪያው ላይ ለተሰቀለው የውሃ ታንከር መሸከሚያ የተሠራ።

«ብንቆርጠውስ?» ይላል መሐንዲሱ።

«ታንከሩ ከነውሃው በሽተኛው ላይ ይወርዳል። ገላውን ታጥቦ ይሞታል።»

«ሌላ ክፍል…»

«ሁሉን ዞረህ ከዚህ ሌላ የለም ያልከው አንተ አይደለህ?»

እሱ ነው። ሆስፒታሉ የሚያሠራው አዲስ ሕንፃ መሠረቱ ደግሞ ገና አልተቆፈረም። መሣሪያውን ለምትጠብቀው እህቱ ሐኪሙ የሰጣት ስድስት ወር ነው።

በሩ ይከፈታል። እህቱ ራሷ ናት፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው። አንዲት ነርስ ክንዷን ይዛታለች። ከተኛችበት ፎቅ እዚህ ለመድረስ ሃያ ሁለት ደረጃ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶባታል።

«እትዬ፣ ማን ውጪ አለሽ?»

«ቤቴን ልይ ብዬ ነዋ። ወንድሜ ነው የሚሠራልኝ እያልኩ ነርሶቹን አሰልችቻቸዋለሁ።» ቆም ብላ ትተነፍሳለች። ቀና ትላለች። «ይሄ ቀዳዳስ?»

«የሽቦ ማሳለፊያ ነው» ይላል ግንበኛው ፈጠን ብሎ።

አልጋው የሚያርፍበት ወለሉ ላይ በጠመኔ ተሰምሯል። መስመሩን እንዳትረግጥ ተጠንቅቃ መሃሉ ገብታ ትቆማለች።

«ራስጌዬ በየት በኩል ነው?»

ግንበኛው ዓይኑን ወደ መሰላሉ ያዞራል።

«በመስኮቱ በኩል» ይላል መሐንዲሱ።

«ጎሽ። ብርሃን ደስ ይለኛል።» አንድ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ቀስ ብላ ትቀመጣለች። «በሉ፣ ሥራ አላስፈታችሁ። እስቲ ስትሠራ ልይህ።»

መሐንዲሱ ሜትሩን ያነሳል። ግድግዳው ላይ ይዘረጋና፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቁጥር ይጠራል። ግንበኛው ከመሰላሉ ይወርዳል። ወረቀት የለውም። ከጆሮው ጀርባ እርሳሱን አውጥቶ፣ የተጠራለትን ሁሉ መዳፉ ላይ ይጽፋል።