ስንጥቁ ላይ የተለጠፈው መስታወት

«ከዚያ በላይ እንዳትወጪ!» ይለኛል አባቴ ከታች ሆኖ። መሰላሉን በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ይዞታል።

«ሳልወጣ እንዴት ላንሳው አባዬ?»

«ካሜራሽ ያቀርብ የለ እንዴ?»

«መስታወቱን አቧራ ሸፍኖታል። አንድ መወጣጫ ብቻ፣ በቃ።»

የምሠራው ፎቶ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ «ጆሮዎ ይታይ፣ አገጭዎን ዝቅ» እያልኩ የመታወቂያ ፎቶ ሳነሳ እውላለሁ። ዛሬ ግን ሦስት ሰዓት መኪና ነድቼ፣ አሮጌ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስንጥቅ ላነሳ መጥቻለሁ። ስንጥቁ ከመስኮቱ አናት ተነስቶ እስከ ጣሪያው ወራጅ እንጨት ድረስ ይሄዳል። ጣቴን ብሰድበት ይገባል።

አባቴ ግንበኛ ነበር። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት ይህ ጥግ መስመጥ ሲጀምር መሠረቱን ቆፍሮ ያጠናከረው እሱ ነው፤ ያለ አለቃ የያዘው የመጀመሪያ ሥራው። ባለፈው ሳምንት የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ ያዥ፣ አሮጊቷ፣ ደወሉለት። «አንተ ግንበኛ፣ ግድግዳህ እየተከፈተ ነው አሉ የወረዳ ሰዎች። ሊዘጉብን ነው።» ከዚያ ወዲህ ምግብ ሲቀርብለት ይገፋዋል። ስለ ሌላ ነገር ሳወራው ድንገት «ሰው ላይ ቢወድቅስ?» ይለኛል።

አሮጊቷ አሁን ከጎኑ ቆመው አንጋጠዋል።

«ያ መስታወት ምን ይሠራል ነው የምትለው?»

«ሥራዬን ስጨርስ ስንጥቁ ላይ አጋድሜ በኖራ የለጠፍኩት ነው፣ እትዬ። ግድግዳው የፀጉር ያህል እንኳ ቢነቃነቅ መስታወት አይችለውም፤ ይሰበራል።»

«ካልተሰበረስ?»

«ካልተሰበረማ እኔ ከሄድኩ ወዲህ ባለበት ነው ማለት ነው።»

ጉልበቱ መሰላል አያወጣውም፤ አንድ ዓይኑም ደክሟል። «እኔ አይቼ ልንገርህ» ብዬው አሻፈረኝ አለ። «በወሬ አልመለስም፤ ራሴ ልየው» ብሎ ነው ካሜራውን ያስያዘኝ።

በአንገት ልብሴ ጫፍ መጥረግ ስጀምር ከታች ይጮሃል፤ «ቀስ! እንዳትጫኚው!»

መስታወቱ ከመዳፌ አይበልጥም። አቧራው ሲለቅለት መሐል ለመሐል የሚያልፍ ጥቁር መስመር ብቅ ይላል። ክው እላለሁ።

«ምነው ዝም አልሽ?»

ፊቴን ወደ መስታወቱ አስጠጋለሁ።

«አንቺ ልጅ! ተሰብሯል፣ አይደል?» እንዲህ ያለ ድምፅ ከአባቴ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

መስመሩን በጥፍሬ ጫፍ ነካ አደርገዋለሁ። ተጠቅልሎ ጣቴ ላይ ይቀራል።

«ድር ነው፣ አባዬ! የሸረሪት ድር ነው!»

«መስታወቱስ?»

«ደህና ነው!»

«አንሺው። ከፊት ለፊት፣ ከዚያ ከጎን። ጫፍና ጫፉን እንዳትረሺ፤ ከኖራው ለቅቆ ከሆነ ዋጋ የለውም።»

አሥራ አንድ ጊዜ አነሳለሁ። ስወርድ ካሜራውን ከአንገቴ እስካወልቅ እንኳ አይጠብቅም። ደህናው ዓይኑ ላይ ሲለጥፈው እኔም አብሬ እጎተታለሁ።

«አቅርቢው። የግራውን ጫፍ። አሁን የቀኙን። ቆይ፣ ተመለሺ።»

ኖራው መስታወቱን በሁለቱም በኩል ግጥም አድርጎ ይዞታል። ከሥሩ ቀኑ በሚስማር ተጭሯል፤ ቁጥሮቹ አባቴ ዛሬም እንደሚጽፋቸው ወደ ቀኝ ያጋደሉ ናቸው።

«ንቅንቅ አላለም» ይላል በቀስታ። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ «ንቅንቅ አላለም እኮ!»

«እና አይዘጋም?» ይላሉ አሮጊቷ።

«መሐንዲሳቸውን ያምጡና ይየው። ፎቶውን ልጄ ትሰጣቸዋለች። ይኼ ስንጥቅ እኔም ሳልመጣ የነበረ ነው፤ አርጅቶ እዚያው ቀርቷል።»

«ወይ ጉዴ! የሸረሪት ቤት መስሎኝ ስንቴ በመጥረጊያ ላወርደው አስቤ! ደግነቱ ቁመቴ አልደረሰ።»

አባቴ መጀመሪያ ይገረጣል። ቀጥሎ ይስቃል፤ ሳቁ ወደ ሳል፣ ሳሉ ተመልሶ ወደ ሳቅ ይሄዳል፣ አሮጊቷም ጀርባውን እየመቱለት አብረውት ይስቃሉ።

መሰላሉን ለመመለስ እወጣለሁ። እግረ መንገዴን የድንጋዩን ግንብ፣ የደወሉን ማማ፣ ጠመም ያለውን በር አነሳለሁ፤ ማንም ሳያዘኝ፣ ብርሃኑ ደስ ብሎኝ።

ስመለስ አባቴን በነበረበት አጣዋለሁ። አግዳሚ ወንበር እስከ ስንጥቁ ሥር ስቦ፣ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል። ባርኔጣው ጭኑ ላይ ነው።

ላነቃው ስራመድ አሮጊቷ በሩ ላይ ሆነው እጃቸውን አንስተው ያስቆሙኛል። በሌላኛው እጃቸው የቁልፉን ዘለላ እንዳይንሿሿ ደረታቸው ላይ ጭምቅ አድርገው ይዘውታል።