ጥላ ቀረች

«አባ፣ ሞተሩን አጥፋው እስቲ። የምነግርህ ነገር አለ።»

ዘበነ ቁልፉን ያዞራል። እስራኤል፣ ሀደራ ምዕራብ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ዝናቡ የመኪናዋን ጣሪያ ይደበድባል። ጠዋት ጠዋት ልጁን ከሰፈራቸው ከቤት ኤሊዔዘር እዚህ ድረስ አምጥቶ፣ ጣቢያው ውስጥ ስትገባ አይቶ ነው ወደ ፋብሪካው የሚሄደው። «በአውቶቡስ እመጣለሁ» ብትለው ይቆጣል።

ትሂላ አፏን ትከፍትና መልሳ ትዘጋዋለች። ነገሩ እንኳን ረጅም አይደለም። ሃይፋ፣ ኮሌጇ አጠገብ፣ ከጓደኛዋ ከኤሊኖር ጋር ክፍል ተከራይታለች፤ እሑድ ትገባለች። ይኸው ነው። ግን እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሷና እሱ ብቻ ናቸው። ትናንትም ልትነግረው ነበር፣ ከትናንት ወዲያም። ወታደር ቤት እንኳን ያልከዳት ወኔ በአባቷ ፊት ይከዳታል።

«በይ እንጂ!» ይላታል። ዓይኑ ጭኗ ላይ ያለው ወረቀት ላይ ያርፋል። «እሱ ነው? ፈተና ወደቅሽ?»

ከእውነት የሚያመልጡበት ቀዳዳ ሲገኝ ማን ይጠላል? «አይ፣ ግጥም ነው» ትላለች። «እኔ የጻፍኩት። ሃይኩ ይባላል፣ የጃፓን ነው።»

የዘበነ ፊት ይበራል። ጎንደር እያለ በየሰርግ ቤቱ ግጥም ሲወረውር፣ ሰው የወረወረውንም ሲፈታ ያደገ ሰው ነው። ግጥም ከተባለ ድካሙን ይረሳል። «ጃፓኖችም ይገጥማሉ? በይ አሰሚኝ!»

«ሦስት መስመር ብቻ ነው። ደግሞ አባ፣ ያንተ ዓይነት አይደለም። ቤት አይመታም፣ ሰምና ወርቅ የለውም። አስተማሪያችን ዳፍና ‹ከጀርባው ምንም አትፈልጉ፣ ነገሩን ራሱን እዩት› ነው የምትለን።»

ይቺን ለመረዳት ትሂላ ብዙ ደክማለች። መጀመሪያ ላይ ስለ አንድ እርጥብ ድንጋይ የተጻፈ ሃይኩ ስታነብ «እሺ፣ ከዚያስ?» ትል ነበር። ከዚያስ የለም። ድንጋይ ነው፣ ረጥቧል። አንድ ቀን እዚሁ ጣቢያ ከባቡር ስትወርድ ሰው ረስቶት የሄደ ጃንጥላ አየች፤ ምንም ሳትጨምርበት ያየችውን ጻፈች። ዳፍና ወደደችው፣ ለክፍሉም አነበበችው።

«ከዕብራይስጥ ስመልሰው ነው እንግዲህ» ትላለች፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች።

«ዝናቡ ቆመ፤
የጣቢያው ወንበር ላይ
ጥላ ቀረች።»

«ጥላ ቀረች» ይላል ዘበነ ለራሱ። ደግሞ ቀስ ብሎ፣ «ጥላ... ቀረች።»

ፈገግታው ይጠፋል። ሰሙ ጃንጥላ ነው፤ ወንበር ላይ ተረስቷል። ወርቁ ግን አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ የሚሰማው ነው፦ ጥላ ሄደች፣ ትታ ሄዳ በዚያው ቀረች። ጃንጥላ ቢሆንማ «ቀረ» ይባል ነበር፤ ጃንጥላን «እሷ» የሚል ማን አለ?

«ተፈታልኝ» ይላል፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «የቆመው ዝናብ ልቅሶ ነው። የእናትሽ ሐዘን አለቀ ማለትሽ ነው። ወንበሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ጥላ የምትቀረው ደግሞ...» አይጨርሰውም። «መቼ ነው የምትሄጂው፣ ልጄ?»

በሩ ተከፍቶላታል። «እሑድ» ማለት ብቻ ነው የቀራት። ግን እጁን ታያለች። ቁልፉን ነቅሎ መልሶ ይሰካል፣ ደግሞ ይነቅላል።

«አባ፣ ምን ነካህ!» ትላለች። «ሚትሪያ እኮ ነው! ሚትሪያ፣ ጃንጥላ፣ በዕብራይስጥ ሴት ናት፣ ለዚያ ነው ‹ቀረች› ያልኩት። አማርኛዬ ነው የተበላሸው። ጃንጥላ ነው፣ በቃ!»

ትንሽ ያያታል። ከዚያ መኪናዋ እስክትነቃነቅ ይስቃል፤ ዓይኑን በመዳፉ ይጠርጋል። «አይ እኔ! ‹ጥላ ቀረ› ነው የሚባለው፣ የኔ ልጅ፣ ‹ቀረ!› አንዲት ፊደል ልትገድለኝ ነበር እኮ!»

«ናኾን፣ ልክ ነህ፣ ቀረ» ትላለች እሷም እየሳቀች። ግጥሙን የጻፈችው የሃይፋውን ክፍል አይታ ስትመለስ እንደነበር አሁን ገና ትዝ ይላታል። ምነው «መቼ ነው?» ሲላት በመለሰችለት! አሁን «እሑድ» ብትል መሄዷ ብቻ አይደለም፤ ዓይኑን እያየች መዋሸቷም አብሮ ይወጣል።

«በከንቱ አልደነገጥኩም» ይላል ዘበነ። «ዛሬ አለቃዬን የሌሊት ፈረቃ ስጠኝ ልለው ነው፣ ዓመቱን ሙሉ። ወጣቶቹ ይሸሹታል። ለኔ ግን ጠዋቴን ነፃ ያደርግልኛል፤ ሃይፋ ኮሌጅሽ በር ድረስ አደርስሻለሁ። ራኬቬት፣ ባቡር ምን ያደርግልሻል፣ ስትጋፊ ልትውይ!»

«አባ...»

«ውረጂ፣ ውረጂ፣ ለዛሬ እንኳን ባቡሩ እንዳያመልጥሽ!»

ትወርዳለች። የኋላውን በር ከፍታ ቦርሳዋን ስታወጣ አባቷ ስልኩን ከፍቶ ነታንያ ላለችው እህቱ ለዓባይነሽ ደውሏል። «ልጄ ግጥም ጻፈች!» ይልና ሦስቱን መስመር ያወርድላታል። የሚያምረው እንደዚያ ስለሆነ «ቀረች» እንዳለ ይተወዋል።

«ውይ!» ይላል የአክስቷ ድምፅ ከስልኩ። «ልጅቷ ወዴት ልትሄድ ነው?»

«የትም አትሄድም!» ይላል ዘበነ በኩራት። «ወርቅ የለውም፣ እታለም። ጃፓኖች እንደኛ አይደሉም፤ ነገር አይደብቁም።»