ሰፊ መንገድ ያለው ሰፈር

ደላላዋ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአሮጌው ከተማ ቤት ስታከራይ የተማረችው አንድ ነገር ነው፤ የተከራይ ልቡ ያለው ጥያቄው ውስጥ ነው። ስለ ጎረቤት ቀድሞ የሚጠይቅ ሐሜት ይፈራል። ስለ ጓሮ በር የሚጠይቅ የሚሸሸው ሰው አለ። ስለ ጎርፍ የሚጠይቅ ግን ከርሞ የሚኖር ደህና ሰው ነው። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ትላለች፤ የእሷ ልብ የሳተው አንዴ ብቻ ነው። ያኔ አንዲት ሙሽራ ባሏ ከውጭ ከቆለፈባት ቤት ሬሳዋ ወጣ። ቁልፉን ለባልየው ያስረከበችው እሷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ዝም ላትል ምላለች።

ሰኞ ጠዋት አንድ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ አሮጊት እናቱን ይዞ መጣ። አርባ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ግራ እጁን ከኪሱ አያወጣም። እናትየው ንጹሕ ሻርፕ የለበሱ፣ ሲስቁ ጉንጫቸው የሚሰረጉድ፣ አፈ ለስላሳ ሴት ናቸው።

«ያለንበትን ቤት እስከ ቅዳሜ መልቀቅ አለብን» አለ ልጅየው። ለምን እንደሆነ አልተናገረም።

መጀመሪያ የወሰደቻቸው ወደ እንጨት ሰፈር ነው። ሰዉ ሁሉ የሚመኘው ሰፈር ነው፤ ፎቆቹ ከመቀራረባቸው የተነሣ ሴቶቹ ጨው የሚበዳደሩት በመስኮት ነው።

«ግድግዳው ከጎረቤት ጋር የተያያዘ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ወዲያ ማዶ ሲያስነጥሱ ወዲህ ይማርህ ይባላል።»

«እንግዲያው አይሆንም።» ከዚያ ወጥቶ መንገዱን በእርምጃ ለካ። «ትልቅ መኪና አይገባም?»

«ጋሪም የሚገባው በጭንቅ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። በትልቅ መኪና የሚወጣው ምን ሊሆን ነው ብላ ደላላዋ አሰበች። እናትየው ግን ምሰሶውን በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ «እኔ ይሄን ወድጄዋለሁ። የድሮ እንጨት ደስ ይለኛል» አሉ። ልጅየው ክንዳቸውን ይዞ አወጣቸው።

ቀጥላ ከከተማው ቅጥር ውጭ ወዳለው የድንጋይ ሰፈር ወሰደቻቸው። ቤቱ ባዶ ግቢ መሀል ለብቻው የቆመ ነው፤ በደጁ ሰፊ መንገድ ያልፋል፣ በረንዳው ላይ ቧንቧ አለ። የልጅየው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ።

«ጎረቤት ይርቃል?»

«ቢጮሁም የሚሰማ የለም።»

«ጥሩ። በሩ ከውጭ ይቆለፋል?»

«ይቆለፋል። ምነው?»

«ቀን ቀን ሥራ ላይ ነኝ።» ወደ ማድ ቤቱ ገባና ዙሪያውን አየ። «ምድጃውን ብታስነሺልን ደስ ይለኛል። አንፈልገውም።»

«እማማ ታዲያ ምን ሊበሉ ነው?»

«እኔ ማታ ስመጣ አመጣላታለሁ።»

ግቢውን ሊዞር ሲወጣ ደላላዋ ወደ እናትየው ጠጋ አለች። «እማማ፣ ልጅዎ ደህና አድርጎ ይይዝዎታል?»

እናትየው በሩን አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የወለዱት ልጅ ነው፣ ምን ይደረጋል። ውሃ እንኳ ላሙቅ ብል አይፈቅድልኝም። ሲወጣ ይቆልፍብኛል፣ ሲገባ ኪሴን ይፈትሻል። ምናለ ከሰው መሀል ብኖር?» እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

ያቺ ሙሽራ ደላላዋ ዓይን ላይ ድቅን አለችባት። ሳይቃጠል በቅጠል፣ አለች ለራሷ።

ዓርብ ዕለት ልጅየውን «የድንጋዩ ቤት ተይዟል» አለችው። ውሸቷን ነው፤ ምላሷ ግን አልተደናቀፈም።

«እህቴ፣ በሞቴ፣ ሌላ ፈልጊልኝ። ይራቅ፣ የፈራረሰም ቢሆን ግድ የለኝም።»

«ያለው የእንጨት ሰፈሩ ብቻ ነው። ካልሆነ ነገ ሜዳ ላይ ማደራችሁ ነው።»

ቁልፉን ሲቀበላት ያን የሚሸሽገውን እጁን አየችው። ቆዳው ተጨማዶ ያብለጨልጫል። የጠበኛ እጅ ነው፣ አለች በሆዷ።

«ለአንድ ሳምንት ብቻ» አለ። እሷን ግን አላሳዘናትም።

መለዋወጫውን ቁልፍ ከላይኛው ፎቅ ለምትኖረው ልብስ ሰፊ ሰጠቻት። «ልጁ ሥራ ሲሄድ ክፈችላቸው። ንፋስ ይቀበሉ፣ ከሰው ይጫወቱ።» ማክሰኞ ደግሞ ራሷ አንድ ትንሽ ቡታጋዝና ድስት ይዛ ሄደች። ልጁ እንዳያይባቸው አልጋ ሥር ደበቁት። እናትየው ጉንጯን አገላብጠው ሳሟት፣ «ከወለድኩት በለጥሽብኝ» አሏት። ያን ቀን ደላላዋ ከዓመታት በኋላ ቀለል አላት።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ የእንጨት ሰፈር ከዳር እስከ ዳር ነደደ። የእሳት አደጋ መኪናው መግቢያው ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። ሰዉ በባልዲ ውሃ ይቀባበላል፤ ውሃው ግን ከመንገዱ አጋማሽ አያልፍም። ልብስ ሰፊዋ ከላይኛው ፎቅ አልወረደችም።

ደላላዋ እየሮጠች ስትደርስ ልጅየው ሸሚዙን ጥሎ እሳቱ ውስጥ ካልገባሁ እያለ ከሰው ጋር ይታገላል።

«እሱ ነው፣ ያዙት» አለች። «እናቱን ሊገድል ሲያደባ የከረመ ነው። እኔ ምስክር ነኝ።»

ሰዎቹ አንገቱን አነቁት። አልተከራከረም። እሷን ብቻ አያት። «በሩን ማነው የከፈተላት?» አለ።

አልፋው ሄደች። እናትየው አንድ ፀጉራቸው እንኳ ሳይለበለብ ከመንገዱ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ኮቷን አውልቃ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችና አጠገባቸው ተንበረከከች።

«አይዞዎት እማማ፣ ተይዟል። ከእንግዲህ ማንም አይነካዎትም።»

«ቁጭ በይና እዪ እንጂ፣ ልጄ» አሉ እናትየው፣ ዓይናቸውን ከነበልባሉ ሳይነቅሉ፤ «ከበፊቱ ቤታችን ይሄኛው በደንብ ይነድዳል።»