ፒክአፑ ዝቅ ሲል

በድሉ የፒክአፑን በር ከፍቶ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። ፈቀቅ ማለቱም አላስተማመነው፤ እጆቹ እንዳያምፁበት ሁለቱንም ኪሱ ከተታቸው። አማቱ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ከቤቱ ደጃፍ ቀስ እያሉ መጡ።

እዚህ ባሕር ማዶ፣ አውሮራ ከተማ፣ ሰኔ እንዲህ ነው። ከመንገድ ዳር ዛፎች ጥጥ የመሰለ ነገር እየተነቀለ አየሩን ይሞላዋል፤ መውደቁን ትቶ፣ መነሳቱን ትቶ፣ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። በዚያ ጥጥ መሀል የሚሄድ ሰው ሁሉ በህልም የሚሄድ ይመስላል። ወይዘሮ ዘርፈሽዋልማ ከነነጠላቸው ከዛፉ የረገፉ መስለው ነበር።

ከፋሲካ ወዲህ ከቤት ወጥተው አያውቁም። ያን ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እግራቸው የመኪናው መወጣጫ ላይ አልደርስ አላቸው። በድሉ ደግሞ ለድግስና ለለቅሶ ድንኳንና ወንበር ሲጭን የሚውል ሰው ነው፤ ሳያስበው ወገባቸውን ይዞ ብድግ፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ጉብ! በዚያ ሁሉ ምእመን ፊት፣ አማት በአማች እጅ! ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው እስከ ቤት ተሸፋፍነው ሄዱ።

«እናቴን እኮ አባቴ እንኳን በሰው ፊት እጇን ይዟት አያውቅም» አለችው ሚስቱ ፀዲ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ በመጣ ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው። «እርስዎ ይሂዱ፤ እኔስ ቤት ይሻለኛል።» አዎ፣ እርስዎ ነው የሚሉት። ፀዲን ካገባ ጀምሮ አንድም ቀን አንተ ብለውት አያውቁም። የፀዲ ትንሿ መኪና ደግሞ ጉድጓድ ናት፤ በእሳቸው ጉልበት ከገቡባት መውጫ የለም።

ፒክአፑን መካኒኩ ጓደኛው ፍሬዘር ጋራዥ ሲወስደው ፍሬዘር በሳቅ ሊሞት።

«በዚህ ሽበትህ እንደ ጎረምሶቹ መኪናህን መሬት አስነክተህ ሎውራይደር ልትሆን ነው? ስፒከርም ላስገባልህ?»

«ዝቅ አድርገው ብቻ። ግን እንዳያንገጫግጭ፤ አማቴ ዳሌያቸውን ኦፕሬሽን አድርገዋል። ተሳቢዬንም እንደ ድሮው ይጎትት፤ እንጀራዬ ነው።»

«ዝቅ ይበል፣ ይመች፣ ይጎትት! ሚስት ስትፈልግም እንዲህ አላማረጥክ!»

አፉ እንዲህ ይበል እንጂ እጁ ሥራውን ወደደው። አክስሉ ላይ ተቀምጦ የነበረውን የኋላ ባሌስትራ ከሥሩ አድርጎ ኋላውን ዝቅ አደረገው፤ ተሳቢው ሲከብደው እንዳይንበረከክ በየጎኑ የአየር ከረጢት ጨመረበት፤ የፊቱን ሞላ በአጭር ለወጠው። «እስከ የት ላውርደው?» ሲለው በድሉ ከኪሱ ክር አወጣ። እሳቸው ሳሎን በተቀመጡበት ተደብቆ የአልጋቸውን ቁመት የለካበት ክር ነው። እዚያ አልጋ ላይ ያለ ማንም እርዳታ ይቀመጣሉ፣ ያለ ማንም እርዳታ ይነሳሉ።

ዛሬ የወጡት ፀዲ «እማዬ፣ ማንም አይነካሽም» ብላ ስለማለችላቸው ነው። ዛሬም ካፈሩ ግን ዳግም ያችን ደጃፍ እንደማያልፏት በድሉ ያውቀዋል። ከኋላ ተሳቢው ድንኳንና ወንበሩን እንደጫነ ተያይዟል፤ ከቅዳሴ በኋላ ፓርክ ሂል ሰፈር የምርቃት ድግስ አለበት። የሰጋውም ይኸንኑ ነበር፤ ኋላው ከተጫነ ፊቱ ሽቅብ ይላል፣ ክሩም ውሸታም ይሆናል። ፒክአፑ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። መኪናውን አዩት፤ ጎማውን አዩት። እሱን አላዩትም።

«መኪና ቀየሩ እንዴ?»

«ኧረ ያው ነው እማማ።»

«አጥሯል።»

«እርጅና ይሆናል።»

«እርጅናውስ ከእኔ ጋር ነው» አሉና ምርኩዛቸውን ዘረጉለት። አንድ እጁን ብቻ ከኪሱ አውጥቶ ተቀበላቸው። ጀርባቸውን ለወንበሩ ሰጡ፤ ልክ አልጋቸው ላይ ሊቀመጡ ሲሉ እንደሚያደርጉት። ለበድሉ ጥጡ አየር ላይ ቀጥ ያለ መሰለው። ዝቅ አሉ፤ ተቀመጡ። አንዱን እግር፣ ከዚያ ሌላውን ሰብሰብ አድርገው አስገቡ። በቃ፤ ማንም አልነካቸውም።

ኮልፋክስ ጎዳና እንደ ጉድ ተቆፋፍሯል። ድሮ እዚህ ሲደርሱ ከበሩ በላይ ያለውን እጀታ በሁለት እጃቸው አንቀው «አንተ ሚካኤል!» እያሉ ይጮሁ ነበር፤ ሊቀ መላእክቱን አንተ፣ አማቻቸውን እርስዎ። ዛሬም እጀታውን ያዙ። ፒክአፑ ግን ጉድጓዱን እያለፈ ሄደ፤ ውሃ ላይ ያለ ይመስል ከፍ ዝቅ እያለ፣ ተሳቢውም ከኋላ ድምፁን አጥፍቶ እየተከተለ። ከፊት ለፊት ከከተማው ባሻገር ያሉት ተራሮች ከመሬት ተነቅለው ብርሃን ላይ ተንጠልጥለዋል። በተከፈተው መስኮት ጥጥ ይገባል፣ ይወጣል። አንድ እጃቸው ከእጀታው ወረደ፤ ቆየት ብሎ ሌላውም ወረደና ጭናቸው ላይ አረፈ።

በድሉ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ዘወር ሲል ዓይናቸው ተከድኗል። ተኝተዋል ብሎ ደስ አለው።

«ከፍ ያድርግህ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ሳቁ መጣ። ኧረ እማማ፣ ከፍማ አያድርገው፣ ስንት ለፍቼ ዝቅ ያደረግኩትን፣ ሊላቸው አፉን ከፈተ። የሰማው ያኔ ነው። ያድርግዎ አላሉም።

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ፣ ከተሳቢው ኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩንባቸውን ያንባርቁ ጀመር፤ እሱ ግን እግሩን ከፍሬኑ ማንሳት ረስቶ፣ እጃቸው ላይ ያረፈችውን ጥጥ እያየ ቆሞ ቀረ።