አራት መስመር ሽቦ

«በረዶው አይደለም ከብቶቹን የፈጃቸው፤ የአጥሩ ሽቦ ነው» ብሎ ነበር አንዱ። አባቷ ይሁን የከብት ሐኪሙ፣ ትዋይላ አሁን ርግጠኛ አይደለችም። ያኔ ልጅ ነበረች፤ መኪና ውስጥ የተኛች መስላ ነው የሰማችው። ሌላው ምን ብሎ እንደመለሰ ጠፍቶባታል። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ስትሰማ ግን የመጀመሪያዋ ነበር።

ዛሬ የእሷም ጸጉር ሸብቷል። በአሜሪካ፣ ኔብራስካ ሜዳ ላይ፣ በሚያዝያ ቀትር፣ በካፊያ ውስጥ የጎረቤቷ የዴልማር አጥር ሥር ቆማለች። የፒክአፑን በር ከፍታ ሬዲዮኑን ለቃዋለች። የአየር ጠባይ አንባቢው የአገሩን ሰማይ ከዳር እስከ ዳር ያዳርሳል፤ በደቡብ ነጎድጓድና አውሎ ነፋስ፣ በምሥራቅ ዶፍ፣ በምዕራብ ተራሮች ላይ በረዶ። ያን ሁሉ አገር በአንድ ትንፋሽ ዳስሶ ወደነሱ መጣ። ዝናብ፤ ሳይመሽ ወደ በረዶ የሚለወጥ፤ ብርቱ ነፋስ ከሰሜን።

ይህን ንባብ ስትሰማ ለማታውቃቸው ሰዎች በልቧ መጸለይ ልማዷ ነው። ዛሬ ጸሎቷ ከገዛ ላሞቿ አልፎ መሄድ አቃተው።

የራሰ ከብት ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቶ፣ አንድ ነገር እስኪያቆመው ድረስ ይሄዳል። የሚያቆመው ይህ አጥር ነው፤ የፊተኛው ሲቆም የኋለኛው ይወጣበታል፤ ተረጋግጠው ያልቃሉ። የአጥሩ በር ያለው ከሜዳው ወዲያ ማዶ ነው፤ ነፋሱ ወደዚያ አይነዳቸውም። የሰው ሽቦ መንካት ደግሞ እዚህ የሰው ቤት ሰብሮ እንደመግባት ነው።

«ዴልማር፣ ልቁረጠው በለኝ» አለች።

ዴልማር ከአጥሩ ወዲያ እጆቹን ኪሱ ከቶ ቆሟል። «የሰው ሚስት የጠየቀ ሰው ሰምቻለሁ፤ ሽቦ ልቁረጥ ያለ ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

«ቀልድህን ተው። ጥጆቹ ገና እናታቸው ሥር ናቸው። ያሉኝ እነዚሁ ናቸው፤ ሌላ የለኝም።»

«ከኔዎቹ ጋር ሲደባለቁስ? የትኛው ጥጃ የማን እንደሆነ ስንለይ በጋው ያልቅብናል። ደግሞ ያ ሬዲዮሽ ባለፈውም ምጽአት መጣ ብሎሽ፣ እኔ በሸሚዝ ነው የዋልኩት።»

«እንዲያም ሆኖ እሰማዋለሁ።»

«አንቺማ ያ ሰውዬ አግቢኝ ቢልሽ እሺ ነው የምትይው።»

ልትስቅ ፈለገች፤ ሳቁ አልወጣ አለ። ካፊያው ድንገት ቀጥ አለ። ነፋሱም ሞተ። የወፉ ድምፅ ሁሉ አንድ ላይ ጠፋ። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ሰሜን አዞሩ።

ሰማዩ ከምድር ተነሥቶ የቆመ ይመስል ነበር። ጥቁር ሰማያዊ ግድግዳ፣ ጫፉ የማይታይ፣ ወርዱ ዓይን የሚደርስበትን ሁሉ የያዘ። ከሥሩ ነጭ መጋረጃ እየጎተተ ይመጣል፤ በበረዶው ውስጥ መብረቅ ያለ ድምፅ ይበራና ይጠፋል። ዴልማር ሳያስበው ባርኔጣውን አወለቀ። ትዋይላ ፍርሃቷን ረሳችው፤ ይህን የሠራ እጅ ምን ያህል ነው ብላ ብቻ ደነገጠች።

ኮረብታው ላይ ተበትነው ይግጡ የነበሩት ላሞቿ ራሳቸውን ቀና አደረጉ። አንድም ሳይጮህ፣ አንዱ እንዳዘዛቸው ሁሉ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ወደ አጥሩ መራመድ ጀመሩ።

«አቤት ጌታዬ» አለ ዴልማር። ከዚያ እሷን ሳያያት፣ «የያዝሽውን ፒንሳ ወዲህ አቀብዪኝ» አለ።

«እኔው እቆርጠዋለሁ።»

«እንዳትነኪው። የገዛ አጥሬን የምቆርጠው እኔ ነኝ።»

በረዶው ሲደርስባቸው አራተኛው፣ የመጨረሻው የሽቦ መስመር ተበጠሰ። ዴልማር የተቆረጠውን ሽቦ በሁለት እጁ ጠምጥሞ፣ ወገቡን አጽንቶ ወደ ኋላ ሳበው። ላሞቹ በእሱና በእሷ መካከል፣ እንፋሎታቸው እየተነነ፣ ጥጆቻቸውን በጎናቸው ከልለው፣ ማብቂያ እንደሌለው ሁሉ አለፉ፣ አለፉ።