የአምስት ቁጥር ላጲስ

በዚያ ክፍል ሴቶቹ የሚጠሩት በአልጋ ቁጥራቸው ነበር። አራት ቁጥር የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ፣ ጽንሱም በሚገባው ልክ አላደገም ተብሎ ከተኛች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ለሽንት እንኳ አትወርድም። አምስት ቁጥር በአርባዎቹ ውስጥ ያለች አስተማሪ ናት፤ ሦስት ጊዜ ከዚሁ ክፍል ባዶ እጇን ወጥታለች። በአልጋዎቻቸው መካከል ያለው ቦታ አንድ ክንድ አይሞላም።

ሐኪሙ ለአራት ቁጥር ወረቀትና እርሳስ ሰጣት። በየቀኑ ከምሳ በኋላ፣ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ልጁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አንድ ሰረዝ ታደርጋለች። አምስት ቀን በተከታታይ አሥር አሥር ከሞላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ከአምስት ካነሰ ግን ልጁ እየደከመ ነውና ሳይውል ሳያድር በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት።

አራት ቁጥር የአራት ዓመት ሴት ልጅ አላት፤ አክስቷ ጋ ትታት ነው የመጣችው። እሁድ ስትደውል ትንሿ፣ «ቆይ፣ እማዬ ፀጉሬን እየሠራችኝ ነው» አለቻት። እማዬ ያለችው አክስቷን ነው።

ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ይጠባት ጀመር። እስረኛ እንኳ ግቢ ውስጥ ይንሸራሸራል እያለች ስታማርር አምስት ቁጥር፣ «እኛም እኮ ሽንት ቤት አለን፤ እሱም ለእኔ ብቻ» ብላ አሳቀቻት። ያኔ ገና አልተኳረፉም።

ሰኞ ከምሳ በኋላ አራት ቁጥር አሥሩን ሰረዝ ደርድራ ተኛች። ልጅ መቼም ይራገጣል፤ ሰዓት ሙሉ ሆድ ላይ ማፍጠጥ ምን ያደርጋል? ሲስተር ፈረቃ ልትቀይር ስትል ወረቀቱን አነሳችና ሰረዙ ዘጠኝ ነው አለች። ማክሰኞም አሥር ደርድራ ተኛች። ሲስተር ሰባት ነው አለች።

አራት ቁጥር ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። ሦስት ቦታ ላይ ሻክሯል። አንሶላዋ ላይ የላጲስ ፍርፋሪ ነበር።

በክፍሉ ላጲስ ያላት አንዲት ሴት ብቻ ናት። አምስት ቁጥር አግድምና ወደ ታች የሚሞላ የቃላት ጨዋታ መጽሐፍ ይዛ ትውላለች፤ ትጽፋለች፣ ታጠፋለች። ከምሳ በኋላ ደግሞ መዳፏን ፔርሙሱ ላይ አድርጋ ታሞቃለች፤ ቀዝቃዛ እጅ አልወድም ትላለች። ክፍሉ በሙሉ ሲያንቀላፋ እሷ አትተኛም።

ነገሩ ለአራት ቁጥር ተገለጠላት። ሦስት ጊዜ ያልቀናት ሴት፣ ሌላዋ ወደ ቤቷ ስትሄድ ማየት አልቻለችም።

ረቡዕ ሲስተር ስድስት ስትል አራት ቁጥር ፊቷን ወደ ጎረቤቷ አዞረች።

«እትዬ፣ ምን በደልኩሽ?»

አምስት ቁጥር ከመጽሐፏ ቀና አላለችም። «ነገ አትተኚ፣ እህቴ» አለቻት ቀስ ብላ።

እያላገጠችባት መሰላት።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት እንዳለፈ አራት ቁጥርን ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት የቃሬዛ ጎማ ድምፅ ነው። ጎረቤቷ ደም ፈስሷት እየተጣደፉ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ይወስዷታል። አንገቷን ወደ አራት ቁጥር አዙራ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። በሩ ተዘጋ።

የዚያን ቀን አሥሩም ሰረዝ አልተነካም። ዓርብ አሥር ሆነ። ቅዳሜም፣ እሁድም፣ ሰኞም አሥር። ሲስተር አምስት ቁጥር እስካሁን ራሷን አላወቀችም ስትል፣ አራት ቁጥር ማዘን እንዳለባት ታውቅ ነበር። የተሰማት ግን እፎይታ ነው።

ማክሰኞ ሐኪሙ አምስቱን ወረቀት አይቶ መውጫዋን ፈረመላት። ልብሷን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የጎረቤቷን አልጋ የምታነጥፈው የጽዳት ሠራተኛ ከፍራሹ ሥር የቃላት ጨዋታውን መጽሐፍ አወጣችና፣ የጓደኛሽ ነው፣ እስክትነቃ ያዢላት ብላ ሰጠቻት።

መጽሐፉ ያላለቀው ገጽ ላይ ተከፈተ። ከባዶዎቹ ሣጥኖች ጎን፣ በአስተማሪ የተስተካከለ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦

«እሷ ስትተኛ፣ እጄን ሆዷ ላይ አድርጌ፣ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ሰኞ ዘጠኝ። ማክሰኞ ሰባት። ረቡዕ ስድስት። ሐሙስ ሁለት። ስትነቃ እነግራታለሁ።»