የማይገመት ፓስወርድ

«የሰው አካውንት ተጠለፈ» የሚል ዜና በሰማ ቁጥር የቢሮአችን የኮምፒውተር ደህንነት ኃላፊ ይገለፍጣል።

«ደናቁርት! የልጃቸውን ስም ፓስወርድ ያደርጋሉ። የኔ የክርስትና ስሜ ነው፤ ከንስሐ አባቴ በቀር ማን ያውቀዋል?»

ጸሐፊዋን የሻረግንማ፣ ፓስወርዷን ወረቀት ላይ ጻፍሽ ብሎ በሰው ፊት አዋርዷታል።

የሰፈራችን ታቦት የነገሠ ዕለት የተሳለውን ጃንጥላ ተሸክሞ መጣ። የክርስትና ስሙንም ወረቀት ላይ ጽፎ ለቄሱ ሰጣቸው። ቄሱ ድምፅ ማጉያውን ያዙና፣ «ወልደ ትንሣኤ ሹመት ባገኝ ብሎ የተሳለውን አስገብቷል፤ እልል በሉ!» አሉ።

ከሁሉም በላይ እልልታውን ያቀለጠችው የሻረግ ነበረች። ስትጨርስ ጠጋ ብላ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ መጨረሻው ላይ ቁጥር አለው?»